የአሜን ቦታ

የታሰርኩት ንግግሬን ሳልጨርስ ነው። እኛ የናይሮቢ ስደተኞች አገር ቤት ስለታሰሩት ወገኖቻችን ድምፅ ለማሰማት ተሰብስበን ነበር፤ ማይኩ እኔ እጅ ነው። ፖሊስ ሲደርስ ሰው ተራወጠ፣ ማይኩ አፏጨ፣ ድምፄም ከዳኝ። መኪና ላይ ሲጭኑኝ እንኳ የሚያንገበግበኝ ንግግሬ መቋረጡ ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሲሚንቶው እርጥብ፣ ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ። ቀድመውን የታሰሩ ኬንያውያን ሴቶች በሩን እየደበደቡ ይጮኻሉ። በማግስቱ ዳኛ ፊት እንቀርባለን፤ ወደ አገር ከመለሱን የሚጠብቀን ሌላ እስር ነው። እንግሊዝኛ ስለምችል ለሁላችን እንድናገር የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ልለማመድ ብዬ አፌን ስከፍት የመጀመሪያው ቃል ላይ እቀራለሁ።

አብረውኝ የተያዙ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እናት አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኛል።

"እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ መቼ ድምፅ አጥታችሁ ታውቃላችሁ?" አሉኝ። "በይ መርቂን።"

"እማማ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ልመርቅ?"

"ዛሬ ፈቅጄልሻለሁ።"

ቸርች እንደለመድኩት ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። ስጨርስ ተቆጡ።

"አሜን የት ልበል? ቦታ መች ተውሽልኝ! አንዱን በይና ዝም በይ። እኛ አሜን ስንል አንቺ ትተነፍሻለሽ። ሰው ቢንጫጫም አትጩኺ፣ ጠብቂን።"

"ከዚህ በሰላም ያውጣን" አልኩ።

"አሜን።"

"የልጆቻችንን ዓይን ያሳየን።"

"አሜን።" በር ትደበድብ የነበረች ኬንያዊት ዘወር ብላ በስዋሂሊኛው "አሚና" አለች። ጫጫታው ረገብ አለ።

"ለአገራችን ያብቃን" ስል ግን እማማ ዝም አሉ። ነገ አትመልሱን ብለን ልንለምን፣ ዛሬ መመለስን እንመኛለን። ጠበቅኳቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው በቀስታ "አሜን" አሉ። አገሬ እንደዚያን ቀን ናፍቃኝ አታውቅም።

በማግስቱ ችሎቱ ገበያ ነበር የሚመስለው። ጸሐፊው "ሃራካ፣ ሃራካ!" እያለ ያጣድፈኛል። አልቸኮልኩለትም። አንድ ነገር ተናግሬ ቆምኩ። ከኋላዬ የእማማን ዝቅ ያለ "አሜን" ሰማሁ፤ ተነፈስኩና ቀጠልኩ። ልል ካሰብኩት የቀረ አልነበረም። አልመለሱንም።

እማማ እዚሁ ናይሮቢ አረፉ፤ ለአገራቸው ሳይበቁ። ዛሬም መድረክ ላይ ቆሜ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲያጓራ፣ ሰው ሲንጫጫ፣ አንዱን እልና ዝም እላለሁ። ሰው የምለው የጠፋኝ ይመስለዋል። ለእሳቸው ቦታ እየተውኩ ነው።