ጋሼ የጸለዩበት ዘፈን

ኮሌጅ በገባሁበት በመጀመሪያው ሴሚስተር የአሜሪካ ሙዚቃ ታሪክ የሚባለውን ክላስ የወሰድኩት ፈልጌ አልነበረም። አድቫይዘሬ ከሒሳብና ከባዮሎጂ ሌላ አንድ የኪነ ጥበብ ትምህርት መውሰድ ግዴታ ነው አለችኝ። ሥዕል አልችልም። ቲያትር ደግሞ ያሳፍረኛል። ሙዚቃው ማዳመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው ስትለኝ ተመዘገብኩ። ማዳመጥ እችላለሁ ብዬ ነበር።

የምኖረው ኦሮራ የምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት ውስጥ ከአክስቴ ጋር ነው። እትዬ ነው የምላቸው። እንግልውድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ይሠራሉ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ መዘምራኑን የሚከታተሉት እሳቸው ናቸው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ዘፈን ሁለት ናቸው። መዝሙር የጌታ ነው፣ ዘፈን የዓለም ነው፣ በመሀል ያለ ነገር የለም። እትዬ ቤት ዘፈን ገብቶ አያውቅም። በልደት ቀን እንኳ ሻማው የሚጠፋው ከጸሎት በኋላ በዝምታ ነው።

ስለዚህ የክላሱን ሲላበስ፣ የትምህርቱን ዝርዝር፣ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት።

«ይሄ ዘፈን ነው» አሉኝ።

«ትምህርት ነው፣ እትዬ።»

«የዘፈን ትምህርት ነዋ!»

«ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የታወቁት የሙዚቃ ሸክላዎች እንዴት እንደተሠሩ ነው የምናጠናው። ማርክ አለው።»

«ማርክ አለው?»

«ከመቶ ነው የሚያዘው።»

እትዬ ማርክ ያለውን ነገር ያከብራሉ። ግን ብቻቸውን መወሰን አልፈለጉም፤ ጉዳዩን ለሽማግሌዎቹ አቀረቡት። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ለረጅም ጊዜ ዝም ማለት ይችላሉ። ዝም ብለው ሲጨርሱ እትዬ እንዲህ አሉ፦ «እኔ አለሁባት። ክላስ የሰማችው ክላስ ይቀራል። አንዲት ዘፈን ተከትላት ቤተ ክርስቲያን ብትገባ፣ ትምህርቱን ድሮፕ የማስደርጋት እኔው ነኝ።» በዚህ ተስማሙ። እኔም ተስማማሁ፤ ያኔ ክላሱን ገና አልወደድኩትም ነበርና ቃል መግባት አልከበደኝም።

ችግሩ፣ ክላሱን ወደድኩት። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው መምህራችን ይመስለኛል። ረጅም፣ ጥሩንባ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ ጥሩ ሸክላ ሲያሰማ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ እግሩን ያነሣል። ለእያንዳንዳችን ከፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ ዘመን አንድ አንድ ታዋቂ ዘፈን በካሴት ቀድቶ ሰጠን። ሠላሳ ጊዜ ስሙት፤ ከዚያ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል ሳትሰሙ ጻፉ አለን። ለእኔ የደረሰኝ አምስት ልጆች የሚዘፍኑት ነው። አንዱ ልጅ ዳንስ ቤት በር ላይ ቆሞ ፍቅረኛውን ይጠብቃል። አራቱ ከኋላው ሆነው ቃል የሌለው ነገር እያሉ ያጽናኑታል። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከመሀሉ ዜማው በድንገት ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚመለስበት አንድ ክፍል አለው፤ መምህሩ ብሪጅ ይለዋል። እዚያ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ሠላሳ ጊዜ ስሚ ከተባልኩ ሠላሳ ጊዜ እሰማለሁ። በኮልፋክስ አውቶቡስ ላይ ጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ደብተሬ ላይ ጭረት እያደረግኩ ሰማሁት። ወደ ሃያ ስድስተኛው ጭረት አካባቢ ካሴቱ ባይኖርም መስማት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የመዘምራን ልምምድ ነው። ሕንፃው የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ እሑድ ጠዋት ያመልኩበታል፣ እኛ ከሰዓት። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ አብረን እናመልካለን፤ ያ ቀን አራት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዓምና በዚያ ቀን ያቀረብነው መዝሙር አሥራ አንድ ደቂቃ የፈጀ ሲሆን አሜሪካኖቹ ያለቀ መስሏቸው ሦስት ጊዜ አጨብጭበዋል። ስለዚህ መሪያችን አጭር አዲስ መዝሙር ለማግኘት ተጨንቀው ነበር። መሪያችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ኪቦርድ ይመታሉ። አዲስ ዜማ ካገኙ አንድ ዓመት አልፏቸዋል፣ ለዚህም ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር።

እኔ ወንበር እየደረደርኩ ነበር። አሁን ሳስበው አፌ ተዘግቶ ነበር። ድንገት የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ።

«የቱ?»

«አሁን ያንጎራጎርሽው።»

ደነገጥኩ። «ይቅርታ፣ ጋሼ፣ ሳላስበው ነው…»

«ሳታስቢው!» አሉና ወደ ሌሎቹ መዘምራን ዞሩ። «ሰማችሁ? ሳታስበው ነው የመጣላት! ድገሚው።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ…»

«እንዳይጠፋብኝ! መጀመሪያ ድገሚው፣ ከዚያ ታወሪያለሽ።»

ትልቅ ሰው ድገሚ ሲለኝ እደግማለሁ። ጋሼ በሁለተኛው ላይ በቀኝ እጃቸው ተከተሉኝ፤ በሦስተኛው ላይ ግራ እጃቸውም ገባ። ከኋላ አንዲት እህት «ሃሌሉያ!» አለች። አንድ ወንድም አለቀሰ። ሰው ካለቀሰ በኋላ ይሄ ዳንስ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ዘፈን ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ልምምዱ ሲያልቅ እናገራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ግን ጋሼ አንድ ቦታ ላይ ቆሙና «ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ዜማው ወጣ ብሎ መመለስ ይፈልጋል» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እዚህ ላይ ያደረግኩትን አልደብቅም፦ ብሪጁን ሰጠኋቸው። «ወንዶቹስ ከኋላ ምን ይበሉ?» ሲሉኝም ጊዜውን በእጄ እያጨበጨብኩ አሳየሁ። ጋሼ እዚያ ላይ «አሜን፣ አሜን» አስገቡበት። ልክ ገጠመ።

ከዚያ በኋላ መናገር በየቀኑ እየከበደ ሄደ። ጋሼ ለሦስት ሳምንት ቁርስ እየጾሙ ጸለዩበት፤ ኤርፖርት ታክሲ ተራ እየጠበቁ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ግጥሙን ጻፉ። ግጥሙ በጣም ጥሩ ነበር። ጌታን ደጅ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ሰው ነው፤ ይሄንን ማንም አልነገራቸውም፣ ከዜማው ራሳቸው አገኙት። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ስልክ ደውዬ ዘጋሁ። ብናገር ክላሱ ይቀርብኛል፣ እትዬም በሽማግሌዎቹ ፊት የሰጡት ቃል ይወድቃል። ባልናገር ግን ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። የኛ ሰው ሸክላ አይሰማም።

አሜሪካኖቹን ረሳኋቸው።

ቀኑ ደረሰና ነጫጭ ልብሳችንን ለብሰን ቆምን። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አብዛኞቹ ከስልሳ ዓመት በላይ ነበሩ። እነሱን ሳይ ሆዴ ውስጥ ቀስ ብሎ አንድ ሒሳብ ተሠራ፦ ሃምሳዎቹ ላይ ስንት ዓመታቸው ነበር? መልሱን ሳገኝ ጋሼ ኪቦርዱን ጀምረው ነበር።

በመጀመሪያው ስንኝ ከአሜሪካኖቹ አንድ አዛውንት ቀና አሉ። በሁለተኛው ሚስታቸውን በክርናቸው ነካ አደረጉ። ወንዶቻችን «አሜን፣ አሜን» ሲሉ ከሦስተኛው ረድፍ አራት ሽበታም ሰዎች በአንድ ድምፅ ያንን ቃል የሌለውን ነገር መለሱላቸው። ጣት ማስጮኽ ተጀመረ። ብሪጁ ጋ ስንደርስ አንድ ባልና ሚስት ተነሥተው መተላለፊያው ላይ ወጡ፤ ባልየው እጃቸውን ዘረጉ፣ ሚስትየዋ ዞር አሉ፣ ተያያዙና ቀስ እያሉ መወዛወዝ ጀመሩ።

የኛ ሰዎች ይሄንን ሲያዩ መንፈስ ቅዱስ ፈረንጆቹ ላይ ወረደ ብለው እልል አሉ። ፓስተራችን እንባቸውን ጠረጉ። ጋሼ ደስታቸው ገደብ አጣና እጃቸውን አንሥተው «ከመጀመሪያው!» አሉ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። እትዬን ለማየት አልደፈርኩም።

ከአምልኮው በኋላ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ነበር። መተላለፊያው ላይ የጨፈሩት ሴትዮ ቀይ ሹራብ ለብሰው መጥተው የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው እያለቀሱ በፍጥነት ማውራት ጀመሩ። የጋሼ እንግሊዝኛ የመንገድ ስምና የሻንጣ ብዛት ነው። ፓስተራችን አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ ሁለቱም እኔን ጠሩኝ።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሼ።

«ዜማውን ወደውታል።»

«ይሄን ሁሉ አውርተው ወደድኩት ብቻ ነው ያሉት?»

«በጣም ወደውታል።»

ሴትዮዋ ወደ ባላቸው ጠቁመው ቀጠሉ።

«አሁንስ?»

«ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙት… በዚህ ዜማ ነው አሉ።»

«በዚህ ዜማ?» ጋሼ ግራ ገባቸው። «እኔ እኮ የተቀበልኩት በዚህ ወር ነው።» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ጌታ ለነሱም ሰጥቷቸው ነበር!»

«ይሄማ ምስክርነት ነው!» አሉ ፓስተሩ። «ማይክ አምጡ! እሳቸው ይናገራሉ፣ አንቺ ለሁሉም ትተረጉሚያለሽ።»

ማይኩን ሊያመጣ አንድ ወንድም ሲሮጥ እትዬ ከኋላዬ እንደቆሙ አወቅኩ። ሰላጣ የያዘ ሳህን በእጃቸው ነበር።

«እንዳሉት ተርጉሚ» አሉኝ። «ሳይጨመር ሳይቀነስ። እኔ ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። ሥራ ቦታ ለአረጋውያኑ ሐሙስ ሐሙስ የሚከፍቱላቸው ነው።»

ማይኩ ሳይደርስ ተረጎምኩ። «ዳንስ ቤት ነበር፣ ጋሼ። ይሄ ዘፈን ሲከፈት ነው ባለቤታቸው እንደንስ ያሏቸው።»

«የትኛው ዘፈን?»

«የኛው።»

ጋሼ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው «ያ ወጣ ብሎ የሚመለሰውስ?» አሉ።

«እሱም፣ ጋሼ።»

«አሜን አሜኑስ?»

«እሱም።»

ሴትዮዋ ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም፤ የጋሼን ትከሻ መታ መታ አደረጉና ኬክ አመጡላቸው።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብን። እኔ፣ እትዬና ጋሼ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዝም ከተባለ በኋላ አንደኛው ሽማግሌ «ከዚች ልጅ አፍ የወጣ ዘፈን መቅደስ ገብቷል» አሉ።

«አፏ ተዘግቶ ነበር» አሉ እትዬ። «ያንጎራጎረችው በአፍንጫዋ ነው። ጋሼ ይመስክሩ።»

«በአፍንጫዋ ነው» አሉ ጋሼ ወለሉን እያዩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሟቸው አያውቅም። ሁለተኛው ሽማግሌ ለስለስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እነዚህ የዚህ አገር ዘፋኞች ብዙዎቹ ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። መምህራችንም ብሏል።»

«እንግዲያው ይሄ ዜማ መጀመሪያ መዝሙር ኖሮ ይሆናል። ከኛ የተወሰደ ከሆነ መለሰችው እንጂ አልሰረቀችም። እንደዚያ ነው?»

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እትዬ እግሬን በእግራቸው ነካ አደረጉት፤ አዎ በይ ይሁን አትዋሺ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

«ስለብዙዎቹ ነው የተባለው» አልኩ። «ስለዚኛው አላውቅም። አንብቤ አላገኘሁም።»

ጋሼ ተነፈሱ። መዝሙራቸው እዚያው እንደሞተ ገባቸው። ክላሴም አብሮት የሞተ መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ። እትዬ ተነሡ።

«ቃሌ ቃል ነው፤ ድሮፕ ታደርጋለች» አሉ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ። ይሄንን ከማንም አልጠበቅኩም። «ዜማውን ያመጣችው እሷ ናት፣ መዝሙር ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ልጅቷ ልትነግረኝ ነበር፤ ዝም ያስባልኳት እኔ ነኝ። ችግሩ የሷ ማወቅ አይደለም፣ የኔ አለማወቅ ነው። ክላሱን ብታቋርጥ ነገ ሌላው ልጅ ከሬዲዮ የሰማውን ቢያንጎራጉር በምን አውቃለሁ? ትማር። የተማረችውን ለኔ ታሰማኝ፤ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ልለይ።»

ሽማግሌዎቹ እንደገና ዝም አሉ፤ በሕይወቴ የሰማሁት ረጅሙ ዝምታ ነው። ከዚያ ፈረዱ። መዝሙሩ አይዘመርም። እኔ ለስድስት ሳምንት ከመዘምራን ጋር አልቆምም። ክላሱን እቀጥላለሁ። መምህሩ በየሳምንቱ የሚቀዳልኝን ካሴት ጋሼ ለጥንቃቄ ያዳምጡታል።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሃቫና ስትሪት ላይ፣ እትዬ በርበሬ ከሚገዙበት ሱቅ ፊት፣ ጋሼ ታክሲያቸውን ፓርክ አድርገው ይጠብቁኛል። አዲሱን ካሴት እሰጣቸዋለሁ፣ ያለፈውን ይመልሱልኛል። ባለፈው ዓርብ የመለሱት እስከ መጨረሻው አልተጠቀለለም ነበር፤ መሀል ላይ ቆሟል።

«አልጨረሱትም፣ ጋሼ?»

«አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ።»

«ለመለየት አንድ ጊዜ ይበቃል እኮ።»

«አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ቶሎ ይገባሻል። እኔ ሽማግሌ ነኝ።» መስኮቱን ሊዘጉ ጀመሩና ተዉት። «ያ መሀል ላይ የሚገባው፣ እንደ ሰው የሚያለቅሰው መሣሪያ ምንድን ነው?»

«ሳክስፎን ነው።»

«ለመዝሙር አይሆንም።»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«አይሆንም» አሉ። ሞተሩን አስነሡና ትንሽ ቆዩ። «ለመሆኑ ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል?»