እትየ ብርቄ ጋኗን የሰበረች ዕለት

ቢራ የምንጠምቀው ቤኤር ቱቪያ ነው፣ ከፋብሪካዎቹ መጨረሻ፣ ከጎማ ሠሪው ጀርባ። መጀመሪያ የገባሁት የገብስ ጆንያ ልሸከም ነበር። የመጀመሪያ ቀን አለቃው የትልቁን ታንክ ክዳን ሲከፍተው የፈላ ብቅል እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ክው ብዬ ቀረሁ፤ ጆንያው ከትከሻዬ ወደቀ።

«ምን ሆንህ? ታመምህ?» አለኝ።

ምን ልበለው? የእትየ ብርቄ ቤት ሸተተኝ ልበለው? እሱ ደግሞ ቀጠለ፤ አተላውን አንጥልም፣ ለሞሻቩ፣ ለገበሬዎቹ መንደር፣ ላሞች ነው የምንሰጠው፣ ለምድር እናስባለን እያለ፣ ትናንት እሱ የፈለሰፈው ይመስል። ሳቄን ዋጥሁት። እትየ ብርቄ አተላዋን በባልዲ አውርዳ ለየመናዊው ጎረቤታችን ዶሮዎች ስትሰጥ እኔ ገና የወተት ጥርሴን እነቅል ነበር።

ኪርያት መላኺ፣ ሺኩን በሚሉት የመንግሥት ፎቅ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በራችን ከበሯ ፊት ለፊት ነበር። ከጎንደር ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ትወለውላለች፤ ከሰዓት ደግሞ ጠላ። ቤቷ ውስጥ ያለው አዲስ ለሚመጣ ሰው የሚሰጠው የብረት አልጋ፣ ካሴት የሚበላ ቴፕ፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ ብቅል፤ ሻወሩ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ጥቁር ጋን። እኛ ልጆቹ በራፏን አንለቅም ነበር፤ አሻሮ ስትቆላ እፍኝ እፍኝ ትሰጠናለችና። እኔን «አፈ ጮሌው» ነበር የምትለኝ።

ጋኑን የሠራችው እናቷ ናት፣ በእጇ። በአገር ቤት የኛ የአይሁዶቹ ሴቶች ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ በዚህም ቡዳ እየተባልን ተሰድበናል፤ ያ ሌላ ንዴት ነው፣ አሁን አልገባበትም። እናትየዋ እዚህ ለመምጣት ተራ ስትጠብቅ ጎንደር ላይ ሞተች። እትየ ብርቄ ጋኑን በጋቢ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው ከአውሮፕላን የወረደች።

እንግዲህ ፋሲካ፣ የኛ የቂጣ በዓል፣ መጣ። ሴት ልጇ ከበዓሉ ኋላ ገዴራ ከተማ ልታገባ ነው። የሙሽራው ወገኖች፣ የያቭነዎቹ፣ «አትድከሚ፣ የጠርሙስ ቢራ እንገዛለን» ብለው ልከውባታል። እሷ ግን ምላለች፤ የልጄ ሠርግ ያለ እናቴ ጋን አይሆንም ብላ። ችግሩ፣ በአገራችን ለቂጣ በዓል እርሾ የነካው ሸክላ ሁሉ ይሰበራል፣ በአዲስ ይተካል። እዚያ ቀላል ነው፤ ጭቃው ከወንዝ፣ እጁ ከቤት። እዚህ ማን ይሠራላታል?

ቀድሟት የመጣው ልጇ አቪ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከጦሩ መጣና ደረጃው ላይ ለመናት። «እማ፣ ራቩን፣ የሃይማኖት አባታችንን፣ ጠይቄዋለሁ። መስበር የለም። መጋዘን ይቆለፍበታል፣ አይሁድ ላልሆነ ሰው በወረቀት ይሸጣል፣ ከበዓል ኋላ ይመለስልሻል። እሺ? ቤሰደር?»

«ተሽጦ የሚመለስ ምን ዓይነት ዕቃ ነው?»

«ሕጉ ነው፣ እማ!»

«ገዢው መጥቶ ይውሰደዋ! እዚሁ ተቆልፎ ምኑ ነው የተሸጠው?»

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ግቢው ጢስ በጢስ ነበር። ሰው ሁሉ እርሾ ያለበት የተረፈ ዳቦውን በቀለም ቆርቆሮ ያቃጥላል፣ እኛ ልጆች ዙሪያውን እንዘላለን። ያን ጊዜ ነው ጋኑን በጀርባዋ አዝላ ከደረጃው የወረደች። ጠላውን ከግቢው ሎሚ ዛፍ ሥር ደፋችው። ከዚያ ጋኑን አነሣችና ከአንድ ድንጋይ ጋር አላተመችው። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የመናዊው ሽማግሌ ጎረቤታችን ዳቦ እንደያዙ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አቪ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

እኔ ነኝ የጮኽሁት። «አበድሽ እንዴ እትየ! የእናትሽ አይደለም እንዴ?»

ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል። «የእናቴ ነው። እናቴ ብትኖር ለኔ አትተወውም፣ ራሷ ነበረች የምትሰብረው።» ሸማዋን አራገፈችና ወደ ላይ ወጣች። ለሳምንት ያህል ቂጣ አልወርድልህ አለኝ።

በዓሉ ሲወጣ በጋኑ ፈንታ የሚሆን ዕቃ ፍለጋ ሰፈሩን ሁሉ ዞረች። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አገኘችና ሺኩኑ ጀርባ በወይራ ፍም ላይ ደፋችው፣ ልታጥነው። ደንቡ ነዋ! በርሜሉ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ጥቁር ጢስ፣ ጩኸት፣ የእሳት አደጋ መኪና። አቪ ራሱን ይዞ፣ «እማ፣ ፕላስቲክ ይታጠናል እንዴ?»

«ሳይታጠን ይጠጣል እንዴ? ጢስ ያልገባው ጠላ ያው ውሃ ነው!» አለችው። ከዚያ የቀለጠውን አየችና ሳቅ አፈናት። «ይኸኛውስ ሰባሪም አልፈለገ!»

የመናዊው ናቸው ከሞሻቩ የድሮ የወተት ጋን፣ ብረቱን፣ ያመጡላት። ጠነሰሰች፤ አሮጌ እርሾ የላት፣ ሁሉን ከባዶ። ኮመጠጠ፤ ደፋችው። እንደገና ጠነሰሰች፤ ገማ፤ ደፋችው። የያቭነዎቹ ሣጥን ሣጥን ቢራ መግዛታቸው ተሰማ። እኔ ተናድጄ ልፈነዳ ነው፤ እሷ ብረቱን በፈላ ውሃ ትጠርጋለች፣ ታጥናለች፣ ትጠነስሳለች። በሦስተኛው ጨርቅ በጭቃ ለቅልቃ አፉን ደፈነችው።

ሠርጉ ላይ አቪና ሌላ ወታደር የወተቱን ጋን ገዴራ አዳራሽ ውስጥ ተሸክመው ሲገቡ የአዳራሹ ሰውየ «ይሄ ምንድን ነው!» ብሎ ጮኸ። የያቭነዎቹ የቢራ ሣጥን ግማሹ ሳይከፈት ተመለሰ። የሙሽራው አባት እስከ አተላው ድረስ ጋኑን አዘንብለው ሲቀዱ አይቻለሁ፤ እትየ ብርቄ ግን አላየችም፣ እስክስታ ላይ ነበረች።

እሷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። እኔ ጆንያ መሸከሙን ትቼ አሁን ጠማቂ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ታንክ ሙሉ ቢራ ተበላሸብን። አለቃው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከሌላ ጋር እንደባልቀው፣ ስኳር እንጨምርበት፣ አንድ ነገር እናድርግ እያለ ታንኩን ይዞራል። ቀመስሁት። ከዚያ የታንኩን መልቀቂያ ከፈትሁት። ቢራው እየተንፎለፎለ ወለሉን ሲሞላው ሁሉም ደንግጠው አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል።

ብሩሹን አንሥቼ ታንኩ ውስጥ ገባሁ። «ያላ፣ ምን ትገተራላችሁ?» አልኋቸው። «ውሃ አፍሉ።»