ጋሼ ፍሬን መኪና አልገባም ያለ ዕለት

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ባለቤቱ፣ ልጁና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለድበታል። ለሌላው ሁሉ ጋሼ ፍሬን ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖሯል፤ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ፣ ቀኝ እግሩን ለአስተማሪ ከተገጠመችው ፍሬን ላይ ሳያነሳ፣ በየመታጠፊያው «ፍሬን! ፍሬን በል!» እያለ። የሚያልፍባቸው መንገዶች ባለሱቆች መኪናውን ሳያዩ በድምፁ ይለዩት ነበር።

ሃምሳ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል የማሠልጠኛው ባለቤት ቢሮ ጠራውና፣ ተማሪዎች ወጣት አስተማሪ እየመረጡ ስለሆነ ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት ቢያስተምር እንደሚሻል በትሕትና ነገረው። «ያርፋሉ» አለው። ጋሼ ፍሬን ያቺን ቃል ጠመዳት። መኪናው ለሌላ ተሰጠ፤ እሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ሦስት ማዕዘኖችን በእንጨት እየጠቆመ ቀኑን በፕላስቲክ ወንበር ላይ ይገፋ ጀመር። ወንበሩ ወገቡን ያዘው። ፋርማሲ የምትሠራው ባለቤቱ ማስታገሻውን ሰጥታ ስትሰለች፣ ሂድና ዋኝ አለችው።

እሺ ብሎ ወደ ሕዝብ መዋኛው ሄደ። ዋና አያውቅም ነበር፤ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ጥግ ይዞ ተማረ። አስተማሪዋ ፊትህን ውኃ ውስጥ ክተት ብትለው አልሆን አለው፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ እንደ እንቁራሪት፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ እንዲዋኝ ተወችው። ቀስ ያለ ነው፤ ግን አይቆምም።

አንድ ቀን መዋኛው በር ላይ የትራያትሎን ማስታወቂያ አየ። በሐይቁ ላይ ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ዋና፣ ከዚያ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት። ቲኬት ቆራጯን የዕድሜ ገደብ አለው ወይ ብሎ ጠየቃት። የለውም አለችው፤ ቀና ብላ አየችውና ሳቋ አመለጣት። ያ ሳቅ ባያመልጣት ኖሮ ምናልባት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እዚያው ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ ሰው አላስቀመጠውም፣ እሱም አልተቀመጠም። የልጁን አሮጌ ብስክሌት ከዕቃ ቤት አውጥቶ ጎማ ቀየረለት። ከሥራ በፊት በማሠልጠኛው ግቢ፣ ተማሪዎች መኪና ማቆም በሚለማመዱባቸው ብርቱካናማ ኮኖች መሀል ይሮጣል። የሥራ ባልደረቦቹ መስኮት ላይ ተደርድረው «ጋሼ፣ ኮኑን ነካኸው! ወድቀሃል!» ይሉታል። ሐይቁ ላይ ዋና ሲለማመድ ደግሞ አንደኛው ተማሪ፣ ጋሼ ፍሬን ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የዋና ልብስ ለብሶ፣ ሆዱን አስቀድሞ ከሐይቁ ሲወጣ ቀረጸው። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ እየዘለለ መጨረሻ ላይ ከማይገባው ቤት ገባ፤ ሴት ልጁን ከሚያገባው ወጣት አባት ዘንድ።

ሠርጉ ከውድድሩ ሳምንት በኋላ ነበር። የሙሽራው አባት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል አጥበው የሚያወጡ ዓይነት ሰው። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን መጡ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መጋረጃውን አደነቁ፣ ስለ አዳራሹ አወሩ፣ ስለ አየሩም ትንሽ አሉ፤ ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«እንግዲህ እኔና እርስዎ ቤተሰብ ልንሆን ነው» አሉ። «በዚህ ዕድሜ የቀረን ክብራችን ነው። ያንን ቪዲዮ የጠራኋቸው እንግዶች ሁሉ አይተውታል።»

«ወደዱት?» አለ ጋሼ ፍሬን።

ሰውዬው አልሳቁም። ውድድሩ ቢቀር፣ ካልሆነም ለሚቀጥለው ዓመት ቢተላለፍ ምን ይመስልዎታል ብለው ጠየቁ። ጋሼ ፍሬን አይቀርም አላቸው። ደግመው በሌላ መንገድ ጠየቁ፤ ደግሞ አይቀርም አላቸው። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

በሩ እንደተዘጋ ልጁ ከጓዳ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። የወደፊት አማቷ ከወዲሁ «የዋናተኛው ልጅ» እያሉ እንደሚጠሯት፣ ሠርጓ የሰው መሳቂያ እንዳይሆን እንደምትፈራ እያለቀሰች ነገረችው።

«አባዬ፣ ለኔ ስትል ተወው።»

ለዚህች ልጅ እምቢ ብሎ አያውቅም።

«ላንቺ ስል ብዙ ነገር ትቻለሁ፤ አንዱም አይቆጨኝም» አላት። «አሁን ግን ያገኘኝ ሰው ሁሉ ቁጭ በል ይለኛል። አንቺ እንኳን አትበይኝ።»

በሩን ወርውራው ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ስልክ የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ሆነ። በሩ ሲወረወር እናትየው የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ከሰመጥክ ለሠርጉ የገዛኸውን አዲስ ሱፍ ለማን ነው የምሰጠው?» አለችው።

«ለሙሽራው አባት።»

«አይሆናቸውም። ሆድ የላቸውም።»

በውድድሩ ጠዋት ሐይቁ ዳር የተሰለፈው ሁሉ ወጣትና ቀጭን ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ውኃው በእጅና በእግር ተናጠ። አንዱ አገጩን በተረከዙ መታው፤ ውኃ ዋጠ፣ ደረቱ ተዘጋ፣ የተማረው ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ። የነፍስ አድን ጀልባውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። ጀልባው ላይ ያለው ጎልማሳ በቃ ይውጡ ብሎ እጁን ዘረጋለት። ጋሼ ፍሬን ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ጀልባ መያዝ ያስቀጣል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጀልባው ካልተንቀሳቀሰ አያስቀጣም አለው።

«እንግዲያው አታንቀሳቅሰው» አለና ትንፋሹ እስኪመለስ ተንጠለጠለ። ከዚያ ለቀቀው፤ እንደ እንቁራሪት፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ፣ እስከ ዳር።

ሲወጣ ከኋላው የቀረ ሰው አልነበረም። ዳር ከቆሙት መካከል ቪዲዮውን ያዩ ስለነበሩ ስልኮች ብድግ ብድግ አሉ። ፎጣ እንዲያቀብለው ከሰው ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ፎጣውን ግን አልተቀበለም። ሆዱን እንዳስቀደመ፣ ሳይቸኩል፣ መሬቱን የገዛው ሰው ይመስል በመሀላቸው አልፎ ብስክሌቱ ጋ ደረሰ።

ብስክሌቱ ላይ ደስ አለው። መንገዱን ያውቀዋል፤ የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ፣ የትኛው ዳገት እንደሚያታልል። ሁለት ወጣቶችንና አንድ ግዙፍ ሰውዬ አልፎ ሄደ። ደስታው አልዘለቀም፤ ሰንሰለቱ ወለቀ፣ እጁን በግራሶ አጥቁሮ ሲመልሰው ያለፋቸው ሁሉ መልሰው አለፉት።

ሩጫው ላይ ፀሐዩ በረታ። ጭኑን ቁርጥማት ያዘው፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጫማው ውስጥ ተነሳ። ይሮጣል፣ ይራመዳል፣ እንደገና ይሮጣል። ጊዜው ያለፈባቸውን የምትሰበስበው መኪና ከኋላው መጥታ ቀስ ብላ ተጠጋችው። መሪውን የያዘችው ሴት አንገቷን አወጣች። አወቃት፤ ፈተና ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ በእሱ እጅ ያለፈች ተማሪው ነበረች።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ አልፏል። ይግቡ፣ ላድርስዎት።»

«ፍሬቻ ሳታበሪ ነው ዳር የያዝሽው» አላት ሳይቆም።

ፍሬቻ አበራችና እንደገና ለመነችው። መንገዱ ሊከፈት ነው፣ ውኃ እየተሰበሰበ ነው፣ ሁለት ሰዎች ከኋላ ተቀምጠዋል፣ እርስዎ ቢገቡ ምን ነውር አለው አለችው።

«አልገባም።»

«ታዝዤ ነው እኮ ጋሼ።»

«ታዝዘሽ ከሆነ ተከተይኝ። እግርሽን ግን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሺ፤ እየተቃጠለ ይሸተኛል።»

ቀሪውን መንገድ በአንደኛ ማርሽ ተከተለችው። እሱ እያነከሰ፣ አልፎ አልፎ ዞር እያለ ስለ ማርሿ ይቆጣታል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ በመስኮት ያጨበጭቡለታል።

መጨረሻው ላይ በአየር የተነፋው ትልቁ በር መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ሠራተኛው ሶኬቱን ነቅሎታል፤ በሩ ከመሀሉ እየሟሸሸ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሥሩ የጋሼ ፍሬን ባለቤት ቦርሳዋን ክርኗ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው ብላ ከሠራተኛው ጋር ስትጨቃጨቅ ቆይታ ሰሚ ስታጣ፣ በሁለት እጇ ጣሪያውን ወደ ላይ ገፍታ ይዛዋለች። ጋሼ ፍሬን ጎንበስ ብሎ በጎኗ አለፈ።

«ሳምባህ ከሩቅ ይሰማል» አለችው።

ዳኛው ስሙን ፈልጎ «አልጨረሰም» ብሎ መዝግቦታል። ጋሼ ፍሬን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ዘገየ በል፣ አልጨረሰም ግን አትበል አለው። ዳኛው ኮምፒውተሩ ዘገየ የሚል ምርጫ የለውም፣ ሜዳሊያም መስጠት አልችልም አለ። ሾፌሯ ከመኪናዋ ወርዳ እኔ ምስክር ነኝ፣ እስከዚህ ድረስ ሲሰድበኝ ነው የመጣው ብትልም ኮምፒውተሩ አልተለወጠም።

«ሜዳሊያህን ያዘው» አለ ጋሼ ፍሬን። «እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ ጨርሻለሁ ነው የምለው። ያንተን ደግሞ አንተ በል።»

ከሠርጉ በፊት ባለው ምሽት ልጁ መጣች። ይቅርታ አልጠየቀችም፣ እሱም አልጠበቀም። የጠቆረውን ጥፍሩን ጎንበስ ብላ አየችና የትኛውን ጫማ ነው የምታደርገው አለችው። አዲሱ እንደማይገባለት ሲነግራት አሮጌውን ራሷ ወለወለችለት።

በማግሥቱ ክንዷን ይዞ አዳራሹን እያነከሰ አቋረጠ። ሱፉ ወገቡ ላይ ሰፍቶታል። ክብር ጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጡ ዘመዶች ምን ሆኖ ነው ብለው ሲጠይቁ፣ የሙሽራው አባት ለነገሩ በጎ አስበው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ትንሽ ጉልበታቸውን አሟቸው ነው» አሉ።

ጋሼ ፍሬን ሰማቸው። ቆመ። ልጁም አብራው ቆመች።

«ምንም አላመመኝም» አለ፣ ሦስት ጠረጴዛ ወዲያ በሚሰማ ድምፅ፤ ያ የመንገድ ድምፁ ነበር። «ዋኝቼ፣ ብስክሌት ነድቼ፣ ሮጬ ነው።»

ከዘመዶቹ አንዱ፣ ወፍራም ሰውዬ፣ ስንተኛ ወጡ ብሎ ጠየቀው።

«መጨረሻ» አለች ልጁ እሱን ቀድማ፤ ክንዱን አጥብቃ ይዛም ወደ ፊት ሳበችው።