ያልተጨበጠች እጅ

ባለፈው ሳምንት፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቴ ፊት ለፊት ጎረቤቴ የቆርቆሮ በሩን ሲያስቀባ ዋለ። ቀለሙ የቀጠነው በነጭ ጋዝ ነበር። ሽታው በመስኮት ገብቶ ከምጽፍበት ጠረጴዛ አስነሣኝና፣ ሳላስበው ከመሳቢያዬ ግርጌ አንዲት የካርቶን ቁራጭ አወጣሁ። መዳፍ የምታህል፣ መሐሏ በምላጭ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ፣ የሳሙና ካርቶን ናት። የሰጡኝ ጋሽ መርሻ ናቸው።

ጋሽ መርሻ በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ የማንም መሥሪያ ቤት ቅጥር ሳይሆኑ የኖሩ መምህር ነበሩ። በሁለት ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወሩ በክፍለ ጊዜ እየተከፈላቸው ሥዕል ያስተምራሉ፤ በቀረው ጊዜ ስለ ሥዕል ይጽፋሉ። ያውም ስለ ገዳማቱ የጥንት ሥዕል ሳይሆን፣ ቀለማቸው ገና ስላልደረቀ፣ በሕይወት ስላሉ ሠዓሊዎች። «ስለ ጥንቱ የሚጽፍ አይጠፋም፤ የዛሬውን ግን ዛሬ ካላየነው ማን ያየዋል?» ይሉ ነበር። አንድን ሥዕል ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ሄደው ሳያዩት አንዲት ቃል አይጽፉም። የጽሕፈት መኪናቸው «ጠ» ፊደሏ ተሰብራ ስለ ነበር፣ እያንዳንዷን «ጠ» በብዕር እየሞሉ ጽሑፉን በፖስታ ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ይውጣ አይውጣ የሚያውቁት ጋዜጣው ሲደርስ ነበር።

እኔም ተማሪያቸው ነበርሁ። ዓርብ ዓርብ ክፍላችንን በሙሉ ወደ ሐይቁ ዳር ይወስዱና ከዋርካው ሥር ካርቶኖቹን ያድሉናል። አንድ ዓይናችንን ጨፍነን በዚያች መስኮት እንመለከታለን፤ ማገዶ የጫነ ታንኳ፣ ውኃው ዳር በበቀለ ደንገል ጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ፣ ልብስ የምታሰጣ ሴት። ከዚያ ያየነውን መጻፍ ነው። ሁለት ቃላት ክልክል ነበሩ፤ «ቆንጆ» እና «ይመስለኛል»።

«ጋሼ፣ ሐይቁ በጣም ቆንጆ ነው» አለ አንድ ቀን ከአጠገቤ የሚቀመጠው ደሳለኝ።

«ልታገባው ነው? ምን እንዳለበት ንገረኝ እንጂ።»

ሁላችንም ሳቅን። በ«ይመስለኛል» ግን አይቀልዱም ነበር። «ያየኸውን አሳየኝ፤ የመሰለህን ለራስህ ያዘው» ይላሉ፣ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዙ።

በዚያው ዓመት ሰይድ የሚባል ወጣት ሠዓሊ፣ የቀበሌውን አዳራሽ አንድ ግድግዳ የሚሸፍን ሥዕል ሠርቶ ሰቀለ። ሰይድ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ የሚኖር፣ የጋሽ መርሻ የቀድሞ ተማሪ ነበር። ሥዕሉ ሐይቁን ከጀርባው ያደረገ ሰልፍ ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአብዮቱ ሰላምታ ግራ እጁን ጨብጦ አንሥቷል። ጋሽ መርሻ ክፍላችንን ይዘው ሊያሳዩን ሄዱ። አዳራሹ ገና ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸት ነበር። በካርቶኔ ረድፍ በረድፍ ስመለከት ቆየሁና እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በመጨረሻው ረድፍ አንዲት ሴት እጇን አንሥታለች፤ ግን አልጨበጠችውም።»

ጋሽ መርሻ ደብተሬን እንደ ያዙ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። ቀደም ብለው ሦስት ጊዜ አይተውት ነበር፤ ያችን እጅ ግን አላዩዋትም። ደስታቸው የልጅ ደስታ ሆነ። ስለ ሥዕሉ ለጋዜጣ የጻፉት ሁሉ በዚያች እጅ ላይ የቆመ ነበር። ማሳረጊያው እንዲህ ይል ነበር፦ «ያልጨበጠችው መጨበጥ ስላልፈለገች ይመስለኛል፤ የሥዕሉ ሕይወትም እዚያች እጅ ላይ ነው።»

ጋዜጣው በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ካርቶኖቹን ልመልስ ቤታቸው ሄጄ ሳለሁ ሰይድ መጣ። ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ ያችን እጅ ለምን ጻፉብኝ?»

«ጻፍሁልህ እንጂ መቼ ጻፍሁብህ?»

«እናቴ እኮ ናት። ቁርጥማት ይዟት ጣቶቿ አይታጠፉም። እንዳየኋት ሣልኋት። ያየኸውን ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ቀበሌ ቀርበህ አስረዳ ተብያለሁ።»

ጋሽ መርሻ ጋዜጣውን ዘርግተው ጣታቸውን በአንዲት ቃል ላይ አሳረፉ። የትኛዋ ቃል እንደ ሆነች ከቆምሁበት ሆኜ አወቅሁ።

በማግሥቱ ጋሽ መርሻ የሰይድን እናት፣ እማማ ዘሃራን፣ ደግፈው ከሰይድ ጋር ወደ ቀበሌው ሄዱ። ያየሁት እኔ ነኝ ብዬ እኔም ተከተልሁ። እማማ ዘሃራ እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው በሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ጣቶቹ እንደ ደረቀ ጭራሮ ቀጥ ብለው ቀርተዋል።

«ልጄ፣ ጨብጪ ካላችሁኝ እናንተው እጠፉልኝ» አሉ።

በር ላይ የቆመው ዘብ ሳቅ አመለጠው። ሊቀ መንበሩ ግን ጋዜጣውን ወደ ጋሽ መርሻ ገፋ አደረገ።

«እጁንማ አየን፣ ጓድ መምህር። ግን እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። መጨበጥ ስላልፈለገች ነው ብለዋል። የሚጽፉትን አያውቁም እንበል?»

«በሉ። መሰለኝ እንጂ አላየሁም። ጥፋቱ የእኔ ነውና እኔን ያዙኝ።»

«እርስዎንማ ለምን? ያጋለጡት እርስዎ አይደሉም? እናመሰግናለን።»

ሰይድን እዚያው አስቀሩት። ጋሽ መርሻ እማማ ዘሃራን ደግፈው ሲመለሱ፣ ማን ማንን እንደ ደገፈ መለየት ያስቸግር ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ መርሻ ወራት ሙሉ የጻፉት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ «ተሳስቻለሁ» የሚል ማረሚያ። መልስ ሲያጡ በጽሕፈት መኪናቸው እንደ ገና ይመቱታል፣ እንደ ገና ይልኩታል። አልወጣም። ሰይድም አልተመለሰም። በሥዕሉ ላይ ያለችውን እጅ ሌላ ሰው የተጨበጠች አድርጎ ቀባት፤ ቡናማው ቀለም ከሌሎቹ ስለ ጠቆረ፣ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ከበር ጀምሮ ትታይ ነበር። ዓርብ ዓርብ ወደ ሐይቁ መውረድ ቀረ። ጋሽ መርሻም በማስመሪያ ማዕዘን ብቻ ያሠሩን ጀመር።

ዓመቱ ሲያልቅ ማስተማሩን ትተው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ መሸንቲ እኅታቸው ዘንድ ገቡ። ሊሄዱ ሲሉ ይህችን ካርቶን ሰጡኝ። «አንተ ያየኸውን ጻፍህ» አሉኝ። «የጨመርሁበት እኔ ነኝ። ይህን አትርሳ።» አልረሳሁም። ሆኖም አላጽናናኝም፤ «ባላይስ ኖሮ?» የሚለውን ሐሳብ ከእኔ የወሰደልኝ የለም።

እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህር ሆንሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም «ይመስለኛል» የሚል ወረቀት በመጣልኝ ቁጥር ቃሏን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁ። ተማሪዎቼ የቋንቋ ጥብቅነት ብቻ ይመስላቸው ነበር።