የእናቱ እግር

የያዙኝ ተንበርክኬ ሳለሁ ነው። ካሳንቺስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ የአንዲት አሮጊት እግር ጭኔ ላይ አድርጌ ፋሻ እየፈታሁ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በር አላንኳኩም፤ የአሮጊቷ ልጅ ቀድሞ ከፍቶላቸዋል። ጠቅልዬ ልጨርስ ብላቸው ሌላ ሰው ይጨርሰዋል አሉኝ።

እማማ ስኳር አለባቸው። ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ የወጣው ቁስል ወራት አልፎታል፤ ከእኔ በቀር ለማንም አያስነኩም። ከክሊኒኩ ስወጣ ጎራ እያልኩ አጥብላቸው ነበር። ቁስል ሲታጠብ መቼም ዝም አይባልም፤ ሕመሙን ለማስረሳት ይወራል። ስለዚያ ዓመት ምርጫ የሚሰማኝን ሁሉ እዚያ ቤት አወራሁ። ልጁም ሳፋውን እያቀረበ እውነትሽን ነው ይለኝ ነበር። መርማሪው ያንኑ ወሬ፣ ቀልዴን ሳይቀር፣ ደገመልኝ። ከስድቡ ሁሉ ያመመኝ የገዛ ቀልዴን ከሰው አፍ መስማቴ ነው።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበረች። ሲሚንቶው ላይ በጎን እንተኛለን፤ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ነው። ታሪኬን የነገርኳት የጎኔ ሴት "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ" ብላ ነጠላዋን አካፈለችኝ።

አንድ ቀን በስንቅ ሰዓት "ነርሷ፣ ጠያቂ!" ተባልኩ። እህቴ መስላኝ ሮጥኩ። የእማማ ልጅ ነው። ምሳ ዕቃ ይዟል፤ ፖሊሱ እንደ ደንቡ ቅመስ ብሎት ከያዘው ወጥ ቀመሰ።

"ሲስተር፣ የእማዬ እግር ሸተተ" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያደርገው የመድኃኒት ካፕሱል እየከፈተ ዱቄቱን ሲነሰንስበት ከርሟል። ዱቄቱ ጋግሮ ሲደርቅ ልጦታል። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ቢላቸው ደግሞ፣ ይቆርጡኛል ብለው እምቢ አሉ።

ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት፤ የሚቆረጠው እግር የእሱ አይደለም።

ካፕሱሉን ተው አልኩት። ውሃ አፍልተህ ጨው ጣል አድርግበትና አብርደው። ጨርቁ ከተጣበቀ አትላጠው፣ አርሰህ ጠብቅ። አጥብቀህ አትሰር። ቢጾሙም ምስርና ሽሮ አይቅርባቸው። ጥቁረት ወይም ትኩሳት ካየህ ግን እምቢ ቢሉም አዝለህ ውሰዳቸው። አስደገምኩት። የሰው ወሬ በቃል መያዝ መቼም ያውቅበታል፤ አንዲት ሳያስቀር ደገመልኝ።

"እኔን የት ሄደች አልካቸው?"

"ሥራ ቀየረች አልኳት።"

"እውነቱን ንገራቸው" አልኩት። እሺ አለ።

ምሳ ዕቃውን ሲያቀብለኝ መለስኩለት። ርቦኝ ነበር። እሳቸውን አብላቸው ብዬው ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በተፈታሁ ሰሞን ሄጄ አየኋቸው። እግራቸው ድኗል፤ ቁስሉ በነበረበት ስስ ቆዳ ወጥቶበታል። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩብኝ።

"ደሞዝ ሲያምርሽ ቁስሌን ጥለሽ ሄድሽ" አሉኝ።

ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን የሚያጥባቸውም የሚያበላቸውም እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የላቸውም።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ" አልኳቸው፣ "ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

አሁን ያ ቤት ፈርሷል፤ እሳቸውም አርፈዋል። ስላሳሰረኝ ይቅር ካልኩት ቆይቷል። እማማ እኔ እንደከዳኋቸው አምነው መሞታቸውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።