አባባ ያልከፈተው አደራ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከባህል ቢሮው የጽሑፍ ክበብ ተደውሎ «ሐያት፣ ጽሑፍሽ ተመርጧል፤ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ታነቢዋለሽ» ስባል፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የመረጡልኝ ስለ ማንጎ ዛፋችን የጻፍኩትን ቀልድ ነው። አክስቴ የስፌት መኪናዋን ዘይት እየቀባች ነበርና በዚያው እጇ ጉንጮቼን ይዛ ሳመችኝ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ሳቄ ቀጥ አለ። የስፌት መኪና ዘይት ለእኔ የሽጉጥ ሽታ ነው።

አባባ የምለው አያቴን ነው። ከወሎ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር መጥቶ፣ ባሮ ዳርቻ በድሮው ወደብ አጠገብ ጨው፣ ሳሙናና የመረብ ክር የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። መርከቦች ከሱዳን መመላለሳቸውን ሊያቆሙ ሲሉ አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ስድስት ጎራሽ ሽጉጡን «እስክመለስ አስቀምጡልኝ» ብሎ ለአባባ አባት ሰጥቶ ሄደ። አልተመለሰም። አባትየው ሲሞቱ ሽጉጡን ለአባባ አወረሱት፤ አደራ እንደተሰጠ ይመለሳል፣ አይዛግ፣ አይከፈት ብለው።

ስለዚህ በየዓመቱ ባሮ ደፍርሶ መሙላት ሲጀምር፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ጨው ሳይቀር በሚያልብበት በዚያ እርጥበት፣ አባባ የአስር ሶላት ሰግዶ ይመጣና የበሩን አንድ ክንፍ ዘግቶ ሰሌኑ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሽጉጡን ከቆዳ አፎቱ ያወጣል፤ ከአሮጌ ሽርጡ በቀደደው ጨርቅ፣ የስፌት መኪና ዘይት እያንጠባጠበ፣ ልጅ እንደሚያጥብ ሰው ያሻሸዋል። የእሱ ጣት የማይገባበት የቃታው ጉድጓድ የእኔ ሥራ ነበር። ትንሿን ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ አስገባና ዝገቱን እጠርገዋለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላውን አፈሙዙ ላይ አስጠጋለሁ። «ባዶ ነው፣ አትፍሪ» ይለኛል አባባ። ጥይት የሚጎርሰውን ክብ ብረት ግን ከፍቶት አያውቅም፤ አደራ እንዴት ይከፈታል? እኔም አልፈራሁም። በዚያ ጨለማ መጨረሻ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን የፈዘዘች ነጥብ አለች፤ በየዓመቱ እሷን ሰላም ማለት ደስ ይለኝ ነበር።

ጎረቤታችን አቶ ኡጁሉ፣ በጎልማሳነቱ ጥበቃ የነበረ አኙዋ ዓሣ አጥማጅ፣ ሽጉጡን ከሩቅ ሲያይ አባባን ይተርበዋል፤ ነጋዴው ዘንድሮ በጀልባ እየመጣ ነው አሉ፣ በደንብ ወልውልለት እያለ። ስምንት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ግን ዓሣ ሊሰጠን ሱቅ ውስጥ ገባ፤ እኔም ዓይኔን ከአፈሙዙ ሳላነሳ፣ እዚህም ውስጥ ዓሣ አለ፣ ዓይኗ ይታየኛል አልኩት።

ዓሣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ መጥቶ ከጎኔ ተንበረከከና፣ ሽጉጡን ከእጄ ወስዶ አፈሙዙን ወደ ጨው ጆንያው አዞረው። ወደ ወንዙ አላዞረውም፤ እዚያ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ።

«ሰይድ፣ ይሄ ነገር ተከፍቶ ያውቃል?» አለው አባባን።

«አደራ ይከፈታል እንዴ? ባዶ ነው።»

«ማን አየው?»

አባባ ጨርቁን ሰሌኑ ላይ አስቀመጠ።

ከሱቁ አስወጡኝ። እኔ በበሩ ስንጥቅ አይ ነበር። አቶ ኡጁሉ ዘይቱን ጠብታ በጠብታ አፍስሶ፣ ጠብቆ፣ ደግሞ አፍስሶ፣ የተጣበቀው ብረት ቀጭ ብሎ የተከፈተው ጀንበር ስትጠልቅ ለመግሪብ አዛን ሲባል ነው። ሰሌኑ ላይ ሁለት ጥይት ወደቀ። አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሰዋል። አንደኛዋ የወጣችው ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ካለው ቀዳዳ ነው። የእኔ ዓሣ።

«አርጅቷል። ላይፈነዳ ይችላል» አለ አቶ ኡጁሉ። ጥይቶቹን በጨርቁ ጠቀለለና «ሊፈነዳም ይችላል» አለ።

አባባ ወደ እኔ ወጥቶ ትንሿን ጣቴን ይዞ ለረጅም ጊዜ አያት። በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሽጉጡንም ጥይቶቹንም ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱ፤ ሽጉጡ ከወራት በኋላ ባህል ቢሮው አዳራሽ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ «ባዶ ነው» ሲል አልሰማሁም። ጀሪካን ቢሆን ዘቅዝቆ፣ ጆንያ ቢሆን አራግፎ፣ እጁን ከቶ ዳብሶ ካልሆነ ቃሉ ከአፉ አይወጣም። ባሮ ሲሞላም ጣቴን አልጠራትም፤ ሰሌኑ ላይ ከጎኑ የነበረችኝ ቦታ ከጥይቶቹ ጋር ሄደች። አባባ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ቤቱ ባዶ ሆነ ሲል እኔ ቃሉን አልደገምኩትም።

እንግዲህ የክበቡ ሰዎች የፈለግሽውን ሰው ጥሪ ብለውኛል፤ እናንተን ጠርቻለሁ። ቅዳሜ ኑ፣ በማንጎው ቀልድ ትስቃላችሁ፤ የአባባ ሽጉጥም እዚያው መስታወቱ ውስጥ አለላችሁ፣ ተጠግታችሁ እዩት። ብቻ በጎን በኩል ቁሙ። ሲከፈት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቢሆንም ከአፈሙዙ ፊት አትቁሙ።