ማናዬ ማዳመጫዋን ያወለቀች ጊዜ

ሀና ማርያም፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ የጋሽ ቱሉ ወፍጮ ቤት አለ። ቦታው ድሮ የጋሽ ቱሉ አባት ጤፍ የሚዘሩበት ማሳ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ማሳውን ሲውጠው፣ ጋሽ ቱሉ በተረፈቻቸው ቁራሽ መሬት ላይ ጥቂት የወተት ላሞች አስቀሩና ከጎናቸው ወፍጮ ተከሉ። "ማብቀሉ ቢቀርብን መፍጨቱ አያቅተንም" ይላሉ ሲጫወቱ። ባለቤቱ እሳቸው ይሁኑ እንጂ፣ ጠዋት ሞተሩን አስነስታ ማታ የምታሳርፈው ማናዬ ናት።

ማናዬ ከመርሐቤቴ መጥታ እዚሁ ሰፈር ልጅ ያሳደገች፣ ሃምሳን ልትረግጥ የተቃረበች ሴት ናት። ሽፋሽፍቷ ሁልጊዜ ዱቄት እንደለበሰ ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የገባችው በጆሮዋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገና ደንበኛ ሳለች፣ እህሏን ይዛ ወረፋ ስትጠብቅ፣ "ይሄ ድንጋይ ካልተወቀረ ዱቄቱ ይሻክራል፤ ድምፁ እኮ ይናገራል" ስትል ጋሽ ቱሉ ሰሟትና ድንጋዩን አስፈትተው አዩ። እውነቷን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ወፍጮው አፍ ላይ እህሉ ሲሳሳ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ሲላላ፣ ድንጋዩ ሲደነዝዝ ቀድማ የምትሰማው እሷ ነበረች።

ነበረች ነው። ያ ጆሮ እየከዳት ነው። ይህን ከማንም በፊት ታውቃለች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። ደንበኛ "ለሽሮ ነው፣ አድቅቂልኝ" ሲላት ከንፈሩን አይታ ትገምታለች። ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይነሳል፤ ትንኝ ገብቶ የቀረ ይመስል አያቋርጥም። ኩክ ነው ብላ አሰበች፣ ጤና አዳም ጨምቃ ጠብ አደረገችበት። አቃጠላት እንጂ አልረዳትም።

ስልኩን አልጠረጠረችውም። እንዴትስ ትጠርጥረው፤ ስልኩ ትምህርት ቤቷ ነበር። ልጇ ዝማሬ መካኒሳ የውበት ሳሎን ሥራ ይዛ ስልክ ስትቀይር አሮጌውን ከነማዳመጫው ለእናቷ ሰጠቻት። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ የቀረችው ማናዬ በዚያ ስልክ ስብከት ሰማች፣ የቅዱሳንን ታሪክ ሰማች፣ የጠዋቱን ጸሎት በዜማ ሰማች። ሥራዋ ግን ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ እየጮኸ ስብከት ለመስማት፣ ሰባኪው ከወፍጮው በላይ መጮህ አለበት። ስለዚህ ሞተሩ እንደተነሳ ሁለቱን ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ትወትፍና ድምፁን እስከ ጥጉ ትለቀዋለች። ስልኩ ጥጉ ላይ ከመድረሷ በፊት ሁልጊዜ ጽሑፍ ያወጣል፤ በከፍተኛ ድምፅ ለረጅም ጊዜ መስማት ጆሮን ሊጎዳ ይችላል ይላል። ማናዬ "እሺ" የሚለውን ተጭና ታልፈዋለች።

ስለ ጤናዋ ግድ የለሽ ሆና አይደለም። ጎረቤት የስልክ ጨረር አንጎል ያሟሟል ሲላት፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማታ ማታ ስልኩን ብረት ድስት ውስጥ ከድና ማሳደር ጀመረች። ደረቷ ውስጥ አትከተውም። ሰማዩ ካጉረመረመ ታጠፋዋለች። ራሱ ስልኩ በገዛ አማርኛው የሚላትን ነበር ጆሮ ዳባ ልበስ ያለችው።

"እማዬ፣ ቀንሺው እንጂ። እኔ እዚህ ሆኜ ይሰማኛል እኮ" ትላታለች ዝማሬ፣ ከሥራ መልስ ቤት ውስጥም ማዳመጫውን ሳታወልቅ ስታገኛት።

"ይሰማሽ። ሳሎን ውስጥ ዘፈን ስትሰሚ ነው የምትውዪው፤ ትንሽ ቃል ቢገባብሽ ምን ይልሻል።"

"ጆሮ ይጎዳል ይላል ስልኩ።"

"እሱ ለዘፈን ሰሚ የተጻፈ ነው። የእግዚአብሔር ቃል ጆሮ ሲከፍት እንጂ ሲደፍን የት አይተሽ?"

"ድስት ውስጥ የምትከድኚውን ስልክ ጆሮሽ ውስጥ ስትሰኪው አትፈሪም። አንቺስ ለብቻሽ ነሽ።"

ተሳስቀው ያልፉታል። ነገሩ የወጣው ጾም ሊገባ ሲል፣ ወረፋው እስከ በሩ በተሰለፈበት አንድ ቀን ነው።

ማናዬ የአንዲት ሴት ጤፍ ወፍጮው አፍ ላይ ገልብጣ፣ ስለ ንስሐ የሚናገር ስብከት ውስጥ ገብታለች። ጤፉ አለቀ። ባዶ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር መፋጨት ጀመረ። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሲጮህባት እሷ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ትነቀንቃለች። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ጋሽ ቱሉ ከላሞቹ በረት ሮጠው መጥተው ማብሪያ ማጥፊያውን መቱት፤ ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ያኔ ዓይኗን ገለጠች።

ጋሽ ቱሉ እጃቸውን ሰድደው አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቀሉት። ሰባኪው ከተንጠለጠለው ገመድ ጫፍ ላይ ሆኖ ለቤቱ ሁሉ ይሰብክ ጀመር።

"ለእኛም ነው እንዴ ያመጣሽልን?" አለ አንዱ ማሽላ የያዘ ጎረምሳ። ሰው ሳቀ። ማናዬም አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ ሌላውንም ማዳመጫ አወለቀች፣ ስልኩን ዘጋችና ጎንበስ ብላ የፈሰሰ ዱቄት መጥረግ ያዘች። ቀና ስትል ሰው ሁሉ ያያታል። ጋሽ ቱሉ ከኋላዋ ቆመዋል።

"ሁለቴ ጠራሁሽ" አሉ ወደ ፊቷ ዞረው፣ ቀስ ብለው። "ወፍጮው ጠፍቶ ነው፣ ማናዬ። ማዳመጫሽም ወጥቶ ነው።"

ማናዬ መጥረጊያውን አስቀመጠች።

"ድንጋዩ ይወቀራል፣ ለሱ አልተቆጣሁም። ጆሮሽን ግን ማን ይወቅርልሻል? እዚህ ቤት ቺንጋ አለ፤ ልብስ ይዞ ሰው ይጎትታል። ሰው ጮኾ የማትሰሚ ከሆነ አንድ ቀን እጅ ይቆረጣል፤ ያንቺ ወይ የደንበኛ። እኔ በሰው ነፍስ አልጫወትም። ሂጂ ታከሚ። እስከዚያ የእህቴ ልጅ ቦንሳ ይቆማል። መስማት ከቻልሽ ቦታሽ ቦታሽ ነው። ካልቻልሽ ግን ይቅር በይኝ።"

ማናዬ ሽርጧን አራግፋ ወጣች። መንገድ ላይ እንባዋ መጣ፣ አልደበቀችውም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነው የሄደችው። ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ግን እንባው አልቆ ሌላ ነገር ተተክቶ ነበር። "ቢያንስ ምን እንደሆንኩ ልወቅ" አለች ለራሷ፤ በማግስቱ ማለዳ ጤና ጣቢያው ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ከጤና ጣቢያው ወደ ጆሮ ሐኪም ላኳት። ሐኪሟ ማተብ ያሰረች፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ነበረች። ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣት ትልቅ ማዳመጫ አጠለቀችላትና፣ "ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይቺን ቁልፍ ይጫኑ" አለቻት። ማናዬ ይህን ፈተና መውደቅ አልፈለገችም። ለሰማችውም ላልሰማችውም፣ ይመጣል ብላ ለጠረጠረችውም ተጫነች። ሐኪሟ ከመስታወቱ ማዶ ፈገግ ስትል አየቻት፤ በሩም ተከፈተ።

"እናቴ፣ እኔ ምንም ሳልልክ ነው እኮ የሚጫኑት።"

"ሰምቻለሁ እኮ።"

"ምን ሰሙ?"

ማናዬ አንገቷን ደፋች። "ካልሰማሁ ሥራዬን አጣለሁ፣ ልጄ።"

"ካልነገሩኝ ደግሞ የቀረውንም ያጣሉ። በሉ እንደገና እንጀምር፤ የእውነቱን።"

የእውነቱ ሲወጣ ቀኝ ጆሮዋ ቀጫጭኑን ድምፅ አጥቷል፤ ግራውም ተከትሎት መንገድ ጀምሯል። ማናዬ መጀመሪያ የጠየቀችው ያንኑ የምትፈራውን ነበር። "ጨረሩ ነው?"

"የስልክ ጨረር እንዲህ ጆሮ ሲደፍን የሚያሳይ ማስረጃ አላየሁም። እርስዎን የጎዳዎት ድምፁ ነው። ወፍጮው ብቻውን በቂ ጩኸት ነበር፤ እርስዎ በላዩ ሌላ ጩኸት ጨመሩበት።"

"ጩኸት አይደለም። የእግዚአብሔር ቃል ነው።"

ሐኪሟ አልሳቀችባትም። ወንበሯን አስጠጋች። "ቃሉን እኔም እሰማለሁ። ጆሯችን ግን ሥጋ ነው፤ የሚገባው ድምፅ ስብከት ይሁን ዘፈን አይለይም፣ ከበዛበት ይጎዳል። ውስጡ ድምፅ የሚቀበሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ፤ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። የሄደውን ልመልስልዎት አልችልም። የቀረውን ግን መጠበቅ ይችላሉ፤ ብዙ ቀርቶልዎታል። ወፍጮ ቤት ጆሮዎን የሚሸፍን መከላከያ ያድርጉ። ስልኩን ቤትዎ ገብተው፣ ድምፁን ዝግ አድርገው ይስሙ። ጤና አዳሙንም ይተዉት።"

ብዙ ቀርቶልዎታል የምትለዋን ቃል ማናዬ ይዛት ወጣች። እስከ ለቡ መብራት ኃይል በታክሲ፣ ከዚያ በእግሯ ስትሄድ የምትሰማውን ሁሉ እያስተዋለች መጣች፤ የረዳቱን ጥሪ፣ የጫማ ኮቴ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የሚያላዝን ውሻ። ይመስገን አለች፣ ለእያንዳንዱ።

አንድ ነገር ግን ይከነክናት ነበርና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን መምሬ ልዑልቃልን ዛፍ ጥላ ሥር አገኘቻቸው።

"አባቴ፣ ማዳመጫውን ካወለቅሁ ከቃሉ መራቅ አይሆንብኝም? ሌላ ትምህርት የለኝም እኮ።"

መምሬ ጎንበስ አሉላት፣ በደንብ እንድትሰማቸው። "ይሄን ሁሉ ዘመን ስትሰሚ ኖረሻል አይደል? እስኪ ከሰማሽው አንዱን በዪልኝ።"

ማናዬ የጠዋቱን ጸሎት ጀመረች። ጥቂት ሄደችና ቆመች፤ ቀጣዩ ቃል ጠፋባት። ፊቷ ቀላ።

"አየሽ፣ ገብቶ የወጣው ይበዛል" አሉ መምሬ ረጋ ብለው። "የምትተዪው ጩኸቱን ነው እንጂ ቃሉን አይደለም። ከእንግዲህ ጥቂት ስሚ፣ ጥቂቷን ያዣት።"

ዝማሬ የሥራ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ የመንገድ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ትልቅ ቢጫ የጆሮ መሸፈኛ ገዝታ አመጣችላት። ማናዬ ከነጠላዋ በላይ አጥልቃ ወፍጮ ቤት ስትገባ ያ ማሽላ የሚያስፈጨው ጎረምሳ አላለፋትም።

"ማኔ፣ አውሮፕላን ልታሳርፊ ነው እንዴ?"

"ያንተን ማሽላ ካሳረፍኩ ይበቃኛል። ወረፋህን ያዝ።"

ጋሽ ቱሉ የሐኪሟን ቃል ከእሷ ሰምተው ቦንሳን ከጎኗ አቆሙት። "ጥቂት ጊዜ አብራችሁ ሁኑ፤ እኔ አያለሁ" አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። እጇ ሳታዝዘው ወደ ሽርጧ ኪስ ይሄዳል፤ ስልኩ ግን ቤት ነው ያለው። ቀኑ አልመሽ አላት። ሰባኪ የለም፣ መዝሙር የለም፣ ከሩቅ የሚያጉረመርም ሞተር ብቻ። አንድ ጠዋት ስልችት ሲላት አፏን ከፍታ የጠዋቱን ጸሎት ጀመረች፤ ደንግጣም ቆመች። ጆሮዋ ተሸፍኖ የገዛ ድምፅዋ ጭንቅላቷ ውስጥ ሞልቶ ይሰማታል፤ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማ የምታዜም ያህል። ወፍጮው እየጮኸ፣ ሰው ሁሉ በምልክት እየተነጋገረ፣ እሷ ራሷን ትሰማለች። እንደገና ጀመረች። ያው የተለመደው ቦታ ላይ ስትደርስ ቃሉ ጠፋባት።

"ዛሬ እዚህ ከቆምኩ ነገ ከዚህ አልፋለሁ" አለች፣ እልህ ይዟት።

ምሽት ቤቷ ገብታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ድምፁን ዝማሬ አጠገቧ ሆና በዝግታ ብታወራት የሚሰማትን ያህል ዝቅ አድርጋ፣ የጠፋባትን ቦታ ደጋግማ ሰማች። በማግስቱ ያቺን ይዛ ሄደች። እንዲህ እንዲህ እያለች አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር እየጨመረች፣ አንዳንድ ቀን ምንም፣ አንዳንድ ቀን የያዘችውንም እየጣለች ሄደች። አልተወችውም። ፉጨቱም አልተዋትም፤ አሁንም ጋደም ስትል ይመጣል። ከእሱ ጋር መኖር ጀመረች።

ሌላም ነገር ሆነ። መሸፈኛው የወፍጮውን ጩኸት ዝቅ ሲያደርገው፣ ስብከቱ ለዓመታት ሸፍኖት የኖረው የድንጋዩ ድምፅ ከሥር ብቅ አለ። እንደ ድሮው ጥርት ብሎ አይደለም፤ ቀጭኑ ጎድሎ፣ ወፍራሙ ተርፎ። እሷ ግን በቀረው መሥራት ለመደች፤ ለጎደለው ዓይኗንና መዳፏን ጨመረችበት። ቦንሳም የሚሠራው እያጣ ወደ ላሞቹ ተመለሰ።

አንድ ቀን ጋሽ ቱሉ በሩን ተደግፈው ሲያዩዋት ቆዩ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ግንባሯ ተኮሳትሯል። ጠጋ ብለው ትከሻዋን ነኩ፤ አንዱን ጆሮዋን ገለጥ አደረገች።

"ምን እያጉተመተምሽ ነው? ስለ እኔ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ።"

"እርስዎን አይደለም ጋሼ። ጸሎት ነው።"

"ማን ይሰማሻል በዚህ ሁሉ ጩኸት?"

"እኔ እሰማለሁ" አለች። ቀጥሎም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወፍጮውን አዳመጠች። "ይቅርታ ጋሼ፣ ጤፉ እየሳሳ ነው፤ ያንን ኬሻ ያቀብሉኝ።"

ጋሽ ቱሉ የወፍጮውን አፍ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ጤፉ መሐሉ ላይ መጎድጎድ ጀምሯል። ኬሻውን አቀበሏትና ወጡ። ማናዬ እህሉን ገለበጠች፣ መሸፈኛውን መለሰችና ያቋረጠችውን ጸሎት ከመጀመሪያው ጀመረች።